ሊምኒዮና የአባቴ አፍንጫ

አባቴ ከከባድ ጉንፋን ከተነሱ ወዲህ ምንም አይሸታቸውም ነበር። ወጡም፣ ሳሙናውም፣ ዝናብ የመታው አፈርም ለእሳቸው አንድ ሆነ። ምግብ ሲቀርብላቸው "ገለባ ነው የምበላው" ይሉና ገፋ ያደርጉታል። እየከሱ ሄዱ።

እኔ የበረራ አስተናጋጅ ነኝ። አንድ ጊዜ አቴንስ አድሬ፣ ከሆቴሉ አጠገብ ካለች ጠባብ የወይን ጠጅ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ አንድ ቀይ ወይን አወረዱልኝ።

"ሊምኒዮ ነው። የወይን ዘሩ ስም ነው፤ መጀመሪያ ከበቀለበት ደሴት የወጣ ስም። ነፋስም ድርቅም የለመደ ነው። የጥንት ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ እሱ ጽፈዋል ይባላል" አሉኝ።

ጠርሙሱን ይዤ ፈዝዤ ቆምኩ። ስንት መንግሥት ሲወድቅ ይህ ሐረግ በየዓመቱ ዝም ብሎ ሲያፈራ ኖሯል። ገዝቼው ወደ አገሬ ይዤው መጣሁ።

እሑድ ምሳ ላይ፣ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ቤታችን፣ ወንድሜ ከፈተው። ቀይነቱ ሳሳ ያለ ነው፤ ብርጭቆውን የያዙት የወንድሜ ጣቶች በወይኑ ማዶ ይታዩ ነበር።

"ይሄማ ስኳር የሚባል አልነካውም!" አለ ፊቱን አጨማዶ።

"አባዬ፣ እስቲ እርስዎም ይቅመሱት" አልኳቸው።

"ምን ዋጋ አለው ልጄ? ለእኔ ውሃ ነው።"

እኔን ላለማስከፋት ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ ሳይጠጡ ቆሙ። አፍንጫቸውን አቀረቡ።

"ምን ጨመራችሁበት?"

"ምንም።"

"ጦስኝ ይሸተኛል።"

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። አውሮፕላን በላያችን እያጓራ አለፈ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽታውን እንደገና ሳቡ። "ጦስኝ ነው። ሌላም አለ... ፀሐይ ያደረቀው ቅጠል፣ ሲረገጥ የሚሸተው ዓይነት።"

ብርጭቆውን ተቀብዬ አሸተትኩ። እውነታቸውን ነው። ከቀይ ፍሬው ሽታ በላይ የተራራ ቅጠል ሽታ ነበር። ባለሱቋ ይህን አልነገሩኝም፤ እኔም ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወደ ኩሽና ሮጠች። ነጭ ሽንኩርት አምጥታ አስጠጋችላቸው። ምንም። ሎሚ ቆርጣ አመጣች። ምንም። በሶብላ በመዳፏ አሽታ ስታቀርብላቸው ፈገግ አሉ።

"ከሩቅ... አዎ፣ ከሩቅ ይሰማኛል።"

ያከማቸው ሐኪም በኋላ የማሽተት ነርቫቸው ቀስ በቀስ እየዳነ እንደነበር ነገረን። ይሆናል። ሌላው ሽታ የተመለሰላቸው በወራት ውስጥ፣ አንድ በአንድ ነው። የዚያን ቀን ግን አባቴ ወደ ገበታው ቀረብ ብለው፣ "እስቲ ወጥ ጨምሪልኝ" አሏት እናቴን።