ያስቀረኋት ሽፋሽፍት

«አባባ፣ አይነቃነቁ! ይቺን ያዝኳት!» ልጅ ሳለሁ፣ ከዲላ በላይ ባለችው ቡሌ ውስጥ፣ የአያቴን ሽፋሽፍት በወረንጦ የምነቅለው እኔ ነበርኩ። የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ብሌናቸውን ይወጋዋል። የጤና ሠራተኛዋ «መንቀል አያድንም፣ ቆቡ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል፣ ቶሎ ይምጡ» ብትላቸው ሳቁባት። «የልጅ ልጄ ዓይን ጭልፊት ነው፣ ምን ጎደለኝ?»

ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ የእኛ ቤት ከእንሰቱ ማዶ ነው። ያኔ ምድጃው እየጨሰ፣ ኩራዟን ወደ ፊታቸው አስጠግቼ ስነቅል፣ እሳቸው እንባቸው እየወረደ፣ የሰው እንሰት እየዘረፈ ስለሚያመልጥ አንድ ጃርት ያወሩኛል፤ ባለማሳው ወጥመድ ሲያጠምድ ጃርቱ በሌላ በኩል ገብቶ ይበላበታል። ነቅዬ ስጨርስ ተረቱም እዚያው ይቆማል። «ተገላገልኩ፤ በል ወደ እናትህ ሂድ።» የሚቀጥለውን የምሰማው ፀጉሩ መልሶ ሲበቅል ነው።

እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። ስለዚህ አንዷን ማስቀረት ጀመርኩ፤ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ወፍራሟን። «አለቀ?» ሲሉኝ «አለቀ አባባ!» ብዬ እፈተለካለሁ። በማግስቱ ዓይናቸውን እያሹ «ና እስቲ፣ አንተ ጭልፊት» ብለው ይጠሩኛል። እንዲህ እያልን ስንት ክረምት አለፈ።

ኋላ ትምህርቱን ትቼ ዲላ ወረድኩ፤ መናኸሪያ «ሐዋሳ፣ ሐዋሳ!» እያልኩ ስጮህ እውላለሁ። የሚነቅልላቸውም ጠፋ። በቅርቡ በምሠራበት ሚኒባስ ጭኜ ሐኪም ዘንድ ሳደርሳቸው ፊቴን እንኳን አይለዩም ነበር። ሐኪሙ በባትሪ አይቶ ብሌናቸው ጠባሳ ሆኗል፣ ብርሃኑ አይመለስም አለኝ።

«አንዲት ፀጉር ብቻ ብትቀርስ?» አልኩት፤ ለምን እንደጠየቅኩ አልገባውም።

«አንዷም ትበቃለች። ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ስትፍቀው ነው የምትውለው።»

ጃርቱ ይያዝ አይያዝ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረችኝ ያቺ ፀጉር ናት፤ ዓይኔን ስጨፍን ትታየኛለች። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጫቸው ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቢረግሙኝ በወደድኩ። እጃቸው በዳበሳ ጉንጬን ፈልጎ አገኘው።

«አውቅ ነበር እኮ» አሉኝ። «ነቅለህ ከጨረስክ ነገ አትመጣም ብዬ ዝም አልኩ።»