ያልተተረተረው ሹራብ

እርጥብ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ እጆቼ ሳላዛቸው ይዘረጋሉ። ዛሬ ጠዋትም ወደ ሥራ ስሄድ፣ በርኖሳቸውን ካፊያ የመታው አንድ ሽማግሌ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ሽታው ሲደርሰኝ ሁለቱ መዳፎቼ ጭኔ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ሽማግሌው ዱዓ ላይ ያለሁ መስሏቸው «አሚን» አሉ። አፈርኩ። እጆቼ ግን ክር ነበር የሚጠብቁት።

እንዴት ልንገርሽ፤ ነገሩ የሚጀምረው ሴት አያቴ ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ እኛ ቤት፣ የባሏን የወንድ አያቴን ሹራብ በነጠላ ጠቅልላ የመጣች ጊዜ ነው። እሱ ከሞተ ብዙም አልቆየም። እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። በርጩማ ላይ አስቀምጣ «እጅሽን ዘርጊ፣ እንዳታወርጅው» አለችኝ። የሹራቡን አንገት በጥርሷ ነክሳ የክሩን ጫፍ አገኘችና መሳብ ጀመረች። ክሩ ትርርር እያለ ይወጣል፤ እሷም በእጆቼ ላይ ትጠመጥመዋለች። ሹሩባው እንደተፈታ ጸጉር ጥምዝምዝ ያለ ነበር።

«ለምንድን ነው የማይቃናው?» አልኳት።

«የነበረበትን አይረሳማ። ውኃ ካላየ አይቃናም።»

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን አጠብነው። ክሩን ዛፍ ላይ ሰቅላ ከሥሩ ድንጋይ አንጠለጠለችበት። ውኃው ላይ የከሰዓት ፀሐይ ነበር፤ ከክሩ የሚንጠባጠበው ጠብታ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

በቤታችን ሕጉ ይህ ነው። የሞተ ሰው ሹራብ አይለበስም፣ ለሰውም አይሰጥም፤ ይተረተራል። ከክሩም ለቀሩት ይሠራል፤ ለሚወለድ ልጅ የመጀመሪያ ልብሱ ከዚያ ክር ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሹራብ ግን አይነካም። የሹራብ ሥራውን ያመጣችው የአያቴ እናት ናት፤ ደሴ አንድ አርመን ነጋዴ ቤት ስታገለግል ከባለቤቲቱ ተማረች። መርፌ ስላልነበራት የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ድንጋይ ላይ ስላ ሁለት መርፌ አወጣች። እነዚያ ሽቦዎች ናቸው እኔ ጋ የደረሱት።

ከባሏ ክር አያቴ ለራሷ ሹራብ ሠራች። እናቴ ስትደነቅ፣ «በቁሙ አቅፎኝ አያውቅም፤ አሁን ይቀፈኝ» አለች። ለእኔም በተረፈው ክር ትንሽ ቁራጭ እያሠራች አሠራሩን አሳየችኝ። መርፌው ላይ የሚደረደረውን እያንዳንዱን ቀለበት «ዐይን» ትለው ነበር። አንዱ ሲያመልጠኝ «አወጣሽው እኮ የምስኪኑን ዐይን» ብላ ትስቅብኝና እስከ ሥሩ ተከትላ ታነሳው ነበር።

ካደግኩ በኋላ ተውኩት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጓደኞቼ ከሰልባጅ ተራ ያማረ ሹራብ እየመረጡ ይገዙ ነበር፤ የጃንጥላ ሽቦ ይዞ መቀመጥ ለእኔ እንኳን እንግዳ ሆነብኝ።

ታላቅ ወንድሜ ግን እናቴ የሠራችለትን ሹራብ ከላዩ አያወልቅም ነበር። ከሐይቅ ውጫሌ ባጃጅ ይነዳል። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ባጃጁን በፊኛ አስጊጦ ቀኑን ሙሉ ሰውን በነፃ ሲያመላልስ ዋለ፤ ማታ እናቴ «ለውጡ ነዳጅም ይሞላልሃል?» አለችው። አገባ። ሚስቱ ባረገዘች ዓመት ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት ተመለስኩ።

አንድ ቀን ጠዋት የውጫሌ ሰው ቤቱን ጥሎ እየወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወንድሜ ወደዚያው ወደ አምባሰል ቤቷ ተመልሳ የነበረችውን አያቴን ላምጣት ብሎ ተነሳ።

«ብርድ ነው፣ ሹራብህን ልበስ» አለችው እናቴ።

«አያቴንና ፍየሏን ጭኜ ነው የምመጣው። ሹራቤ ፍየል ፍየል እንዲሸት ነው?»

ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀለው። የባጃጁ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ አያቴ መጣች፤ በእግሯ፣ በተራራው ሥር ከሚሸሹ ሰዎች ጋር፣ ፍየሏን እየጎተተች። እናቴ ከኋላዋ መንገዱን እያየች «ልጁስ?» አለቻት።

«የቱ ልጅ?» አለች አያቴ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ በር ዘግተን ተቀመጥን። ውጭ በተተኮሰ ቁጥር እናቴ ሚስማሩን ታያለች። አያቴ መስኮቱ ሥር አስቀምጣኝ እነዚያን ሽቦዎች እጄ ላይ አደረገችልኝ። «እጅ ሥራ ካልያዘ ጆሮ ይበዛል» አለች። የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ ጣቶቼ ግን ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር። ሌላ ክር ስላልነበረን ያቺኑ የልጅነቴን ቁራጭ እየሠራሁ እተረትራለሁ፣ መልሼ እሠራለሁ። ሽቦና ሽቦ ሲነካካ የሚሰጠው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ጦርነቱ አለፈ። ስልክ ሲመለስ የወንድሜ ቁጥር ግን አልሠራም። ባጃጁን ከውጫሌ መንገድ በታች ተገልብጦ ያየ ሰው ተገኘ፤ እሱን ያየ ግን የለም። በጥር ብርድ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ሊጠይቁ ከመጡት አንዲት ዘመዳችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ ሰደቃውን አውጡለት። ሹራቡም ተተርትሮ ለልጅቱ ይሁን፤ የአባቷ ነው፣ ሐቋ ነው» አለች።

እናቴ ተነስታ ሹራቡን ከሚስማሩ አወረደች። ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የወንድሜ ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ልጄን በእጄ አልገድለውም» አለች እናቴ።

«ሕፃኗስ በምን ትሙቅ?» አለች ዘመዳችን።

ያኔ አያቴ ሹራቧን በጭንቅላቷ በኩል ማውለቅ ጀመረች። ክንዷ እጅጌው ውስጥ ሲያዝባት ረዳኋት።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት እናቴ።

«ሞቀኝ።» አንገቱን በጥርሷ ነክሳ ጫፉን ፈለገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንች፣ እጅሽን ዘርጊ።»

እናቴ እጇን ያዘቻት። «በቁሙ ያለ ሰው አይነካም ብለሽ ያሳደግሽን አንች ነሽ።»

«ተራው የእኔ ነው» አለች አያቴ። «ተራ አይዘለልም።»

እናቴ እጇን ለቀቀች።

እጆቼን ዘረጋሁ። ክሩ ትርርር እያለ መጣ፤ አያቴ አሁን ያወለቀችው ስለሆነ ገና ሙቀቷ ነበረበት። ያው የባሏ ክር ነው፣ ልጅ ሳለሁ በእነዚሁ እጆች ላይ ያለፈው። በሐይቁ ውኃ አጠብኩት፣ ድንጋይ አንጠለጠልኩበት፣ የሕፃኗንም ሹራብ እኔ ሠራሁት። አያቴ በእናቴ ጋቢ ተጠቅልላ አጠገቤ ሆና ያመለጠኝን ዐይን ታነሳልኝ ነበር። አዲስ ሹራብ ልሥራልሽ ስላት «ተይው» ትለኝ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ስትሞት የሚተረተር ሹራብ አልነበራትም።

ሕፃኗ ዛሬ ትሮጣለች። እናቴ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የወንድሜን ሹራብ አጥሩ ላይ ታሰጣዋለች። ጎረቤት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ እጇን በእጅጌው ከታ «የማን ነው?» አለች።

«የሰው ነው» አለች እናቴ። «አትጎትችው፣ ይለጠጣል።»

ላስገባው ሳነሳው ከእጅጌው ጫፍ አንድ ዐይን አምልጦ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ አየሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በአያቴ ሽቦ ቀስ ብዬ እስከ ሥሩ ተከትዬ አነሳሁት። እናቴ በር ላይ ቆማ እጆቼን ታይ ነበር።

«ያዘ?» አለችኝ።

«ይዟል» አልኳት።

ተቀብላኝ ገባችና መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።