«ተመችቷት ነው»

ልጄ ፊቷ ማበጥ የጀመረ ሰሞን አገሩ ሁሉ አመሰገነኝ። «ተመችቷታል» አሉ። «ወዟ መጣ፣ ፊቷ ሞላ» አሉ። አንዷ ጎረቤቴማ ምን እያበላኋት እንደሆነ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ «ተመችቷት ነው» የሚል ቃል ስሰማ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ።

የምኖረው ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው፤ ከተማ ከተባለች። አስተማሪ ነኝ። ባሌ ሥራው ደሴ ስለሆነ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጄና አማቴ ነን። አማቴ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ዛሬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸውን ከወዲሁ የምጽፈው ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው ነው።

እኔ ደግሞ ተጸያፊ ነኝ። ሰው በጠጣበት ጣሳ አልጠጣም። ጉርሻ ይቀፈኛል። በዚህ የተነሳ በባሌ ዘመዶች ዘንድ ስሜ «ኩሩ» ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ የራሴን ብርጭቆ በቦርሳ ይዤ እንደምሄድ ያወራሉ። እውነት ነው፣ ይዤ እሄዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። የእኛ አገር የጥቅምት ብርድ ቀልድ አያውቅም። ልጄ ጉሮሮዋን ታመመች፤ ትኩሳት ያዛት፣ ምራቋን መዋጥ አቃታት። እኔ ለሥልጠና ደሴ መሄድ ነበረብኝና «እማዬ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዱልኝ» ብዬ ለአማቴ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። አማቴ ግን ጤና ጣቢያ አልወሰዷትም። ጉሮሮ የምትቧጥጥ ሴትዮ ዘንድ ወሰዷት።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች። የቀኝ እጇን የሌባ ጣት ጥፍር ለዚሁ ሥራ ብላ አሳድጋዋለች። በዚያ ጥፍር ቅቤ ጫር አድርጋ ለገዢ ታቀምሳለች፤ በዚያው ጥፍር የሕፃን አፍ ውስጥ ገብታ ያበጠውን ቧጥጣ ታፈርጣለች። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከእሷ ቅቤ ገዝቼ አላውቅም፣ ወደፊትም አልገዛም።

ከደሴ ስመለስ ልጄ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አፏ ይሸታል። ደም የነካው ጨርቅ ከሳፋው አጠገብ ወድቋል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«አስቧጠጥኳት። ኸይር ነው፣ አብሽሪ» አሉ አማቴ። «ባልሽም በዚሁ ነው ያደገ።»

«በዚያ ጥፍር?»

«ትታጠባለች እኮ!»

«በምን?»

«በአረቄ» አሉ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስል።

ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩ።

ጉሮሮዋ ግን ዳነ። አማቴም «አየሽ?» የሚል ፊት ይዘው ሰነበቱ። የዳነ ነገር ላይ ምን ይባላል?

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ልጄ የዐይኖቿ ቆቦች አብጠው ተነሳች። ብዙ የተኛች መሰለኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ካልሲዋን ሳወልቅላት የካልሲው ላስቲክ እግሯ ላይ ጎድጓዳ መስመር ሠርቶ ቀረ፤ በጣቴ ስጫነው ጣቴ የነካው ቦታ እንደ ሊጥ ገብቶ ቆየ። ከዚያ ሽንቷን አየሁ። ፖፖው ውስጥ ያለው ሥጋ የታጠበበት ውኃ ይመስላል። ሰው ግን ሽንቷን አያይም፤ የሚያየው ጉንጯን ነው። ጉንጯ ደግሞ ቀን በቀን እየሞላ፣ እየተወጠረ፣ እያብለጨለጨ ሄደ፤ ምስጋናውም አብሮት ጨመረ።

በዚሁ ላይ ራሷን ያማት ጀመር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ ግንባሯን ይዛ ትቀመጣለች። «ጆሮዬ ውስጥ ይመታል» ትላለች። «ሰሌዳው ሁለት ሆኖ ይታየኛል» ትላለች። አማቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ ግፊታቸው ሲነሳ የሚሉት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። እሳቸው ራሳቸው «ይቺ ልጅ የእኔን ሕመም ከየት ተማረችው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በነጋታው ይዣት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሚያፍርበት አይመስለኝም። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ስልኩን እያየ ነው የተቀበለን። ገና ራሷን ያማታል ከማለቴ «ታይፎይድ ነው» አለ። በእኛ አገር ራሱን ያመመው ሁሉ ታይፎይድ ነው፤ ታይፎይድ ካልሆነ ታይፈስ ነው፤ ሁለቱም ነው የሚሉትም ብዙ ናቸው። ሽንቷ ቀልቷል አልኩት።

«ቀይ ሥር በልታ ይሆናል።»

«ቀይ ሥር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እስቲ ግፊቷን ለካት።»

ያን ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። «የማንን? የእሷን?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የነበረችው ነርስም ሳቀች። «ቲቸር፣ ደም ግፊት እኮ የትልቅ ሰው ነው። ይቺ ምን ሐሳብ አለባት? ዕቁብ የላት፣ ባል የላት!»

«ሐሳብ ባይኖራትም ደም አላት። ለካት» አልኩ።

ደስ እንዲለኝ ብሎ ለካት። አማቴ የሚለኩበትን ያንኑ ጨርቅ አመጣና እንደ ዱላ በቀጠነችው ክንዷ ላይ ጠቀለለው። ጨርቁ ክንዷን ዞሮ፣ እንደገና ዞሮ፣ ከክርኗ አልፎ ወረደ፤ ሸሚዝ የለበሰች እንጂ ግፊት የምትለካ አትመስልም ነበር። ነፋው፣ አስተነፈሰው። «ይኸው፣ ደህና ነው። ለእኔም እንዲህ ያለውን ይስጠኝ» አለ። የታይፎይድ መድኃኒት ጻፈልን። ልንወጣ ስንል ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ «ደግሞ ተመችቷታል!» አላት። እጁን የነከሰችው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ልጄ ግን ጨዋ ናት።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቤቱ ጢም ብሏል። የአማቴ አበልጅ፣ ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያመሰግኑኝ ሴትዮ፣ ልጄን ጎትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። በቅባት የራሰ ጣታቸውን ጉንጯ ላይ አሳርፈው ቆነጠጧት። «እዩዋትማ! ጨረቃ አይደለችም? እናቷ እንዴት ብትይዛት ነው!» አሉ። ልጄ «ራሴን» አለች። «አይታየኝም» አለች። ከዚያ ዐይኗ ተገለበጠ፣ እጅና እግሯ ተወራጨ፣ አረፋ ደፈቀች።

በዚያች ቅጽበት ቤቱ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ወጣ፦ «ክብሪት!»

በእኛ አገር የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸቱታል። ከየኪሱ ክብሪት ወጣ። አንዱ ይጭራል፣ ያፍንጫዋ ቀዳዳ ሥር ይደቅናል፣ ሌላው ይቀጥላል። ድኝ ድኝ ይሸታል። ከቆመው ሰው መሀል ገፍቼ ስደርስ የላይኛው ከንፈሯ ተለብልቦ ቀልቷል። የክብሪቱን ሳጥን ከሰውየው እጅ መትቼ ጣልኩት። «አብዳለች» አሉኝ። አንዷ ደግሞ ከኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ዐይን ነው፤ ይህን ያህል አምሮባት ማን ዝም ይላታል?» አለች። ለካ የበላት ውበቷ ነው! ልጄ መሬት ላይ እየተንፈራገጠች እንኳ ተመችቷት ነበር።

ገብስ የጫነ አይሱዙ ለምነን ጋቢናው ውስጥ ገብተን ወደ መካነ ሰላም ከነፍን። አማቴ አብረውኝ መጡ። መንገዱን ሁሉ እግሯን ይዘው ሚካኤልን ሲለምኑ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላዩም።

መካነ ሰላም ያገኘችን ሐኪም ቀጭን፣ ድካም ፊቷ ላይ የሚታይ ሴት ነበረች። መጀመሪያ መንፈራገጡን በመርፌ አስታገሰችው። ቀጥላ ፊቷን አየች፣ እግሯን ተጫነች፣ ከመሳቢያ ውስጥ ትንሽዬ የግፊት ጨርቅ አወጣች። ለልጄ ክንድ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለ። ለካች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ለካች። ሌላውን ክንድ ለካች፣ እግሯንም ለካች። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ ጋ ሄዳ ቁመቷንና ዕድሜዋን እያስተያየች በጣቷ ተከተለችና ዞር ብላ «ይሄ ለአያቷም ብዙ ነው» አለች።

«ጤና ጣቢያ ደህና ነው ብለውን ነበር» አልኩ።

«በየትኛው ጨርቅ?»

በእጄ ስፋቱን አሳየኋት። ዐይኗን ጨፈነች። «ጨርቁ ለክንዱ ሲሰፋ ግፊቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ልጅ ደግሞ በአዋቂ ልክ አይነበብም» አለች። ሽንቷ ተመረመረ፤ ደም ነበረበት። ከዚያ «ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን ታማ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያኔ እኔ ወደ አማቴ ዞርኩ። ስለ ጥፍሩ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ቅቤው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ሐኪሟ እንድትፈርድልኝ ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን አልፈረደችልኝም። «ጥፍሩ አደገኛ ነው፤ ሊያደማም ሊመርዝም ይችላል። ይሄን ያመጣው ግን ጥፍሩ አይደለም። ጉሮሮዋን የያዘው ጀርም ነው። ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ነው ሰውነት በራሱ ኩላሊት ላይ የሚነሳው። ኩላሊቱ ሲቆጣ ውኃውንና ጨውን ማስወጣት ያቅተዋል፣ ፊት ያብጣል፣ ግፊት ይወጣል። ልጅ ላይ ግፊት ከተገኘ ዝም ብሎ አይደለም፤ መነሻ አለው፣ ብዙ ጊዜም ኩላሊት ነው» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ሳትቀይር «ዛሬ ባትመጡ ወይ ዐይኗን ወይ ራሷን ታጧት ነበር» አለች። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ። ሐኪሟ ወደ ልጄ ከንፈር እያመለከተች «ይሄ ቃጠሎስ ምንድን ነው?» ስትለን «ክብሪት» አሉ አማቴ፣ ከነጠላው ውስጥ።

በመድኃኒቱ ውኃው ወጣ። ግፊቷ ወረደ። ቤት ስንመለስ ልጄ ከብርድ ልብሱ በታች አትታይም፤ አጥንት ናት። የቤቱ ወጥ ጨው አልባ ሆነ። ከሰው ጋር ከአንድ ጣሳ የማልጠጣው እኔ በየማለዳው ፖፖ አንሥቼ ደጅ እወጣለሁ፤ ፀሐይ ላይ አዘንብዬ አየዋለሁ፣ አሸተዋለሁ። ጎረቤት ያየኛል። ይየኝ። ሽንቷ የጠራ ዕለት ፖፖውን ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

ሐኪሟ ግፊቷ በየጊዜው በቅርብ እንዲለካ አዝዛ ስለነበር ያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «በልጅ ጨርቅ ካልሆነ አትነኳትም» አልኩ። ያ ወጣት ምንም ሳያፍር ቁም ሣጥን ከፈተና ትንሽዬ የግፊት ጨርቅ አወጣ። ከነላስቲኩ ነው፣ ማሸጊያው አልተቀደደም። «ነበረ እንዴ?» አልኩት። «አለ እንጂ! እንዳይበላሽ ብለን ነው እንጂ» አለኝ፣ በጥንቃቄው ላመሰግነው የሚገባ ይመስል። ከእጁ ወሰድኩት። ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት።

ጠያቂ ይመጣ ጀመር። የአማቴ አበልጅም ዳቦ ይዘው መጡ። ልጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትስላለች። ያን ዕለት ጠዋት ተለክታ ነበር፤ ለቁመቷ ልክ ነው ተብሏል። ሴትዮዋ አዩዋትና ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ ልጄን! ምነው እንዲህ መነመነች? ያ የመሰለ ጉንጭ የት ገባ?» አሉና እኔን አዩኝ፣ ምግብ እንደነፈገ ሰው። «ያን ጊዜ እንዴት አምሮባት ነበር!»

ልጄ ከሥዕሏ ቀና ሳትል «ያን ጊዜ እኮ ልሞት ነበር፣ እማማ» አለች።

ሴትዮዋ ሳቁ። «አፏን እዩልኝ!» ብለው ጉንጯን ሊቆነጥጡ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው አልደረሰም። አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የአበልጃቸውን የእጅ አንጓ ይዘዋል።

«ተያት» አሉ። «ጉንጯን አትንኪብኝ።»