የልደት ጆሮ ጉተታ

የልጅቱ አባት በሆስፒታሉ የምርመራ ክፍል ፔርሙዙን በብብቱ ሸጉጦ የማቴ ሻዩን ሲቀዳ ጠብታ አያፈስም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ እሹሩሩ የለመደ። በየመሃሉ ግን የልጅቱን ፀጉር ወደ ግራ ጆሮዋ ይመልሰዋል። የጆሮ ሐኪሟ ዙልማ ዓይኗን ከዚያ እጅ መንቀል አቃታት። ምን ቢሸፍን ነው?

የልጅቱን ፀጉር ገለጥ አደረገችው። ጆሮዋ ከላይ በልዟል፤ ከኋላውም የጣት ምልክት አለ።

«ልደቷ ነበር፣ ዶክተር» አለ እየሳቀ። «የከተማችንን የሳልቶን ሰው ያውቁት የለ! በዕድሜዋ ልክ ጆሮዋን ጎተት ጎተት አደረግናታ!»

ዙልማም ፈገግ አለች፤ እሷም በየልደቷ ተጎትታ ነው ያደገችው። ግን ለልደት የሚጎተተው ሎቲ የሚንጠለጠልበት ለስላሳው ጫፍ ነው እንጂ ላይኛው አይደለም።

«የኔ እመቤት፣ ስንት ሻማ እፍ አልሽ?»

ልጅቱ አባቷን አየችው። «ልደቴ ገና ነው። ብርቱካን ሲለቀም ነው።»

በመስኮቱ የሚገባው ገና የብርቱካን አበባ ሽታ ነበር።

«ልጅ መቼም ቀን አያውቅ!» አለ አባትየው፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ።

ዙልማ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋን አስጠራች። «ዛሬ እኛ ጋ ታድራለች» አለችው አባትየውን።

ልጅቱ የሐኪሟን ጋውን ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ ጠየቀች፦ «ነገም?»

«ነገም፣ የኔ ዓለም።»