የብርቄ ሠረገላ

በ1882 ዓ.ም. በኅዳር፣ ከብቱ ባለቀበት ዓመት ነው። ከአንኮበር በታች፣ ወደ ጎረቤላ በሚወስደው መንገድ ዳር እንኖር ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሐዘን አይቻለሁ። ያን ቀን ለይቼ የማነሳው አንድ የማላውቀው ሰው ስላደረገልን ነገር ነው።

ባለቤቴ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ነበሩ። በሬው ሲያልቅ ቀንበር የሚያሠራ ጠፋ። ያለችን አንዲት ልጅ ብርቄ ነበረች፤ ገና ጥርሷን መንቀል የጀመረች።

በፊተኛው በጋ የፈረንጆች ሠረገላ በገመድ እየተጎተተ ዳገቱን ሲወጣ አይታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «አባባ፣ ሠረገላ ይሥሩልኝ» ትላለች። እሳቸው «ነገ» ይሏታል። ሥራ ሲኖር ሥራው ይቀድማል፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሐሳቡ።

ኅዳር ሲገባ ትኩሳት ጣላት። ጠበሉም አላነሳት አለ። ባለቤቴ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳሉ፦ «ልጄን ማርልኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በየወሩ በበዓልህ ብረት አልነካም።»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ብርቄ ዓይኗን ገለጠች።

«ሠረገላዬስ?»

«ነገ፣ የኔ እናት።»

«ትናንትም ነገ ብለው ነበር።»

ባለቤቴ ወጡ። መጥረቢያቸውን አይተው ተመለሱ። እኔም ይሥሩላት አላልኩም። ስለቱ ስለ ነፍሷ ነውና ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል? ለነገ እንደማትደርስ ግን ልቤ ነግሮኛል።

ረፋዱ ላይ አንድ ሙስሊም ነጋዴ በቅሎ እየሳበ ደጃችን ቆመ። ሰይድ ይባላል። ከአልዩ አምባ ጨውና በርበሬ ጭኖ ሲወጣ የበቅሎዋ የጭነት ኮርቻ ተሰብሮበታል።

«አያ፣ ይቺን ይጠግኑልኝ» አለ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው። ነገ ና።»

«በቅሎዬም በዓል ታከብራለች ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቁም። ያን ጊዜ ብርቄ ከውስጥ አቃሰተች።

«ምን ሆና ነው እትዬ?» አለኝ። ነገርኩት። የሠረገላውንም፣ የስለቱንም ነገርኩት።

የበቅሎዋን ገመድ አጥሩ ላይ አሰረ። «ሚካኢልን እኛም እናውቀዋለን፤ የአላህ መልአክ ነው። ግን ስለቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ ብሠራላት አይፈርስም። ቢላዋዬ እዚሁ ወገቤ ላይ ነው።»

እኔም ባለቤቴን ሳልጠይቅ «ሥራላት» አልኩት።

ከአጥሩ ውጭ ሄዶ ተቀመጠ። በግቢያችሁ በዓል አይሻር ብሎ ነው። የተሰበረውን ኮርቻ ፈታታና ከዚያው እንጨት ሳንቃ አወጣ። ከጽድ ቅርንጫፍ አራት መንኮራኩር ቀረጸ። ከምድጃዬ እሳት ወሰድኩለት፤ ወስፌውን አግሎ መሐል መሐላቸውን በሳ።

ባለቤቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአጥሩ ላይ ያያሉ።

«ቀዳዳው ጠቧል» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት አወቁ?»

«ይነክሳል፣ አይዞርም።»

«በሉ ይንገሩኝ አያ። አፍ ብረት አይደለም።»

ከዚያ በኋላ እሳቸው እየተናገሩ፣ ሰይድ እየቀረጸ ሠሩት። መንኮራኩሩ ዞረ፤ ግን ይጮኻል። ሰይድ ቅባት ጠየቀኝ። ላሞቻችን ካለቁ ወዲህ ለብርቄ ራስ ብዬ በቅል ያኖርኳት ቅቤ ነበረችኝ። ጠርጌ አመጣሁለት።

ብርቄን ደረቴ ላይ ቀና አድርጌ ያዝኳት። ሠረገላውን ስታይ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። መብላት ያቃታትን ቆሎ ጫነችበትና «ለአባባ ነው» ብላ ገፋችው። እሳቸው ቆሎውን ቃሙና ባዶውን መለሱላት።

«ነጋዴዋ፣ ጨውስ የለሽም?» አሏት።

«ጨው የሰውዬው ነው።»

ሰይድ ከደጃፉ ሰምቶ አንዲት የጨው ቁራጭ ሠረገላው ላይ አኖረላት። እሷም ጭና ለአባቷ ላከች። እንዲህ ሲመላለሱ ዋሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሠረገላው ወደ እሷ መጣ። አልመለሰችውም። ባለቤቴ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር።

ሚካኤልን የለመንነው ለሌላ ነበር። አላማርርም። ልጄ የለመነችውን ሳታገኝ አልሄደችም፤ አባቷም ስለታቸውን አልበሉም። ይህንን ያደረገልኝን አምላክ ዛሬም አመሰግናለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ምስጋናውን ጀምሬ አልጨርሰውም።

በማግስቱ ሰይድ ከጎረቤት ወንዶች ጋር መቃብር ቆፈረ። እኛ ፍትሐት ስናደርስ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመ። ስንመለስ፣ ጨዉን በበቅሎዋ ራቁት ጀርባ ላይ ሊጭን ሲሞክር አገኘሁት። በሐዘን ቤት መጥረቢያ አይነሳም፤ በፈረሰው ኮርቻ ፈንታ ሌላ የሚሠራለት አልነበረም።

ገባሁ። ልጄ የተኛችበትን የበግ አጎዛ ከመደቡ አነሳሁ።

«እትዬ፣ ይሄንስ አልወስድም» አለኝ።

«በቅሎህ ትቆስላለች» አልኩት። ጠጉሩን ወደ ታች አድርጌ ጀርባዋ ላይ አነጠፍኩና እስኪጭን ድረስ እንዳይንሸራተት ያዝኩለት።