የኮርቻ ቆዳ ጫማ

ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ሁለት ጫማ ጨርሷል። አራተኛ ክፍል ነው፤ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ሳይለጋው የሚያልፈው ድንጋይ የለም፣ በእረፍት ሰዓትም አጥቂውም ግብ ጠባቂውም ዳኛውም እሱ ነው። መስከረም ላይ ሻጩ «እህቴ፣ ይኼን አስፋልት ላይ ብትጎትችው ምንም አይል» ብሎ የማለልኝ ጥቁር ጫማ ወር ሳይሞላው አፉን ከፍቶ የልጁን ጣቶች ያሳይ ጀመር፤ ሁለተኛው ደግሞ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ኖሮ የከተማችን የቆሰበር ዝናብ አንድ ሳምንት ሲወርድበት ተላቅቆ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ያው ሻጭ ያንኑ መሐላ ሳያፍር ደገመልኝ፤ እኔም ሳላምነው ገዛሁ፣ ምን ላድርግ፣ ሰኞ ልጁ በባዶ እግሩ አይሄድ። ጫማውን በፌስታል አንጠልጥዬ በገበያው ዳር ዛብና ልጓም ዘርግተው በሚሸጡት ሰዎች አጠገብ ሳልፍ ነው ሽታው የያዘኝ፤ ሞራ የጠጣ ቆዳ ሽታ። ቆሜ ቀረሁ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ያደግሁበት ነው፣ እስከ ዛሬም የማፍርበት ነው።

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ባይኖረውም የሚወድ ደግሞ ከዚያም ይበዛል፤ የፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ጥር ሲቃረብ ከዳንግላም ከጥሊሊም ሰው እየመጣ በራችን ላይ ይኮለኮል ነበር፣ ኮርቻው የተቀደደበት፣ የእርካቡ ጠፍር የተበጠሰበት፣ ልጁን ሊድር አዲስ የሚያሠራ። ቤታችን ሁለት ክፍል ስትሆን አንደኛዋ የኮርቻዎቹ ነበረች፤ «እኛ ተጣበን እናድራለን፣ ኮርቻዎቹ ግን እንደ ጌታ ተንጋለው ይተኛሉ» እያለች እናቴ ትቀልድበት ነበር። ቆዳው ሲለፋና ሞራው ሲቀልጥ ሽታው ልብሳችን ውስጥ፣ ጸጉራችን ውስጥ፣ ደብተራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይቀመጣል፤ መምህራችን የቤት ሥራ ሲያርም የእኔን ደብተር ስሙን ሳያይ ያውቀው ነበር።

እኔ ደግሞ ቁጭ የማልል ልጅ ነበርሁ። ገመድ ዝላይ ቢሆን፣ አባሮሽ ቢሆን፣ ዛፍ ላይ መንጠልጠል ቢሆን ከወንዶቹ አላንስም፤ አባቴ ከገበያ የሚያመጣልኝ ኮንጎ ጫማ፣ ያ የላስቲኩ፣ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶልኝ አያውቅም። አምስተኛ ክፍል ስገባ መረረው። «ለፈረስና ለፈረሰኛ የሚበቃ ነገር የምሠራ ሰው ለአንዲት ልጅ እግር እንዴት ያቅተኛል?» አለና ካርቶን ላይ አቁሞ በእግሬ ዙሪያ በከሰል አሰመረ፤ ለዕድገት ብሎ አንድ ጣት ጨመረበት። ከኮርቻ የተረፈ ወፍራም ቆዳ ቆረጠ፣ ከመኪና ጎማ ሶል አወጣ፣ በወስፌ እየበሳ በጅማት ሰፋው፤ ተረከዜን እንዳይልጠኝ ውስጡን የጠቦት ለምድ ከነጸጉሩ አለበሰው። ሦስት ቀን የደንበኛ ሥራ አቁሞ ነው የሠራው። ሲያጠልቅልኝ ተንበርክኮ ነበር፤ ቀና ብሎ ፊቴን አየና «ይኼስ እስክትዳሪ ያደርስሻል» አለ።

ጫማው ይሞቅ ነበር፣ ይመችም ነበር፤ ይህን ዛሬ አምናለሁ። ያኔ ግን ክፍል ስገባ አንዱ ከኋላ «ቼ!» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ በማግስቱ ስሜ ተለውጦ «ኮርቻ» ሆነ። ስሮጥ «ቼ በለው!» ይላሉ፣ ስቆም «ሣር ስጧት» ይላሉ። ይህስ ጨዋታ ነው፣ ይለመዳል፤ የማይለመደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የፋቂ ልጅ» የሚሉት ነበር። ቆዳ የሚነካ ሰው በአገራችን በምን ዓይን ይታይ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። የባለ ሱቆቹና የመንግሥት ሠራተኞቹ ልጆች ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሸራ ጫማ ያደርጉ ነበርና እኔም እሱን ተመኘሁ፤ ያን ጫማ ባደርግ አባቴ ማን እንደሆነ ሰው የሚረሳልኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ጫማዬን ልገድለው ተነሣሁ። ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈገፈግሁት፣ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፌ እሳት ዳር አደረቅሁት፣ ለጎረቤት ውሻ ወረወርሁለት፤ ውሻው አሸተተው፣ ጥቂት አሰበ፣ ትቶት ሄደ። አባቴ ማታ ማታ ገልብጦ እያየ «አየሽ፣ ምንም አልሆነም!» ሲል ፊቱ ይበራ ነበር፣ እኔም በዚያ ደስታው የባሰ እበሽቅ ነበር።

አንድ የኅዳር ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን ከግድግዳው ሥር ደርድረን ሩጫ ያዝን። ውሃ ልጠጣ ብዬ ተመለስሁና የእኔን አንሥቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ሄድሁ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ትንሽ ቆይቼ ሌላውን ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቅሁት። ሲወድቅ ከባድ ድምፅ ነበረው። ተመልሼ ከሌሎቹ ጋር ሮጥሁ፣ ሲደወልም «ጫማዬ ተሰረቀ» ብዬ አለቀስሁ። ለቅሶው ግን የውሸት አልነበረም፤ ምን እንዳስለቀሰኝ ዛሬም በቅጡ አላውቅም።

የእኔ ሐሳብ ትንሽ ነበር፤ አባቴ ያዝናል፣ ከዚያ ሸራ ጫማ ይገዛልኛል፣ ነገሩ ያበቃል። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ግን የገጠር ሰው ነበርና «አውጫጭኝ ይቀመጣል» አለ። አውጫጭኝ ከብት ሲሰረቅ አገሬው የሚቀመጠው ነው፤ ሁሉም ባንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ የሚያውቅ ሰው እስኪናገር ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ከትምህርት በኋላ ክፍሉን በሙሉ ሜዳው ላይ አንበረከከና አንድ በአንድ እያስነሣ ያስምላቸው ጀመር። የተሰረቀበትን ሰው ማንም አይጠይቅም፤ እኔ ከመምህሩ አጠገብ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ወንበር ተሰጥቶኝ እንደ ተበዳይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። «ኮርቻ» ሲሉኝ የከረሙት ሁሉ በየተራ እየተነሡ ሲምሉ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ባሕር ዛፉ ስታዘቀዝቅ ደስታዬ አለቀ። ከተንበረከኩት መካከል አንጓች ነበረች። አንጓች ከጥርባ በኩል ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ እየመጣች የምትማር፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ ቤቷ የሚነገረው አዊኛ ነው፣ አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የለመደችው፣ በሒሳብ ግን የሚደርስባት አልነበረም፤ እኔንም አንድ ቀን እንኳ «ኮርቻ» ብላኝ አታውቅም። በዚያ ሰሞን እናቷ አራስ ነበረችና ውሃ የምትቀዳውም፣ ታናናሾቿን የምታበላውም እሷ ነበረች። ፀሐይዋን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ተነሣችና «እኔ ነኝ፤ በቃ ልቀቋቸው» አለች።

ልጆቹ እንደ ተፈታ ጥጃ ወደየቤታቸው በረሩ። መምህሩ «የት አደረስሽው?» ሲላት «ሸጥሁት» አለች። እሱም አባቴን በማግስቱ እንዲመጣ አስጠራው፤ እኔም ሌሊቱን በሙሉ «ነገ እናገራለሁ» እያልሁ አደርሁ።

አባቴ ወደ መምህራኑ ቢሮ እጁን እንኳ በደንብ ሳይታጠብ ነበር የመጣው። መምህሩ ወንበር ስቦ «ይቀመጡ፣ ሌባዋ ተገኝታለች» ሲለው አልተቀመጠም፤ አንጓች ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለና በቀስታ ጠየቃት።

«ልጄ፣ ውስጡን ምን አልብሼው ነበር?»

ጫማዬን ከውጭ የማያውቀው ልጅ አልነበረም፤ ውስጡን የሚያውቅ ግን እግሩን ያገባበት ብቻ ነው። «ምንም» አለች አንጓች፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ። አባቴ ተነሣ። «ይህች ልጅ አልወሰደችም። እኔ ባለቤቱ ትቼዋለሁ፣ እርስዎም ይተዉት» አለ። ከዚያ ዞረና እኔን አየኝ፣ ጠበቀኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አየሁ፤ ወንዞቹን ከምንጫቸው እስከ መጨረሻቸው አንድ በአንድ ተከተልኋቸው። ያቺ ደቂቃ በተመለሰችልኝ ብዬ ያልተመኘሁበት ዓመት የለም። አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

አልከፈትሁም። መምህሩ ነገሩን ቢተወውም ልጆቹ አልተዉትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኮርቻ» መባሌ ቀረ፣ አሁን የሚጠሩት አንጓችን ሆነ፣ «ሌባዋ» እያሉ። አንጓች ሳምንት እንኳ አልቆየችም፤ ከአጠገቤ ቦታዋ ባዶ ሆነ። አባቴ የጀመረውን ኮርቻ አቁሞ፣ የልጅቷን እግር በዓይኑ ገምቶ ሌላ ጫማ ሰፋና ይዞላት ጥርባ ድረስ ወረደ። አመሻሽ ላይ ጫማውን እንደያዘ ተመለሰ። የአንጓች አባት «ሌባ ብላችሁ የሰደዳችኋትን ልጅ መልሼ አልልክላችሁም፤ ጫማም የለመነ የለም» ብሎት ነበር። ይህን ለእናቴ ሲነግራት ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜም ተመልሼ ተቀመጥሁ።

በቅዳሜው ገበያ ሸራ ጫማ ገዛልኝ፣ ነጭ መስመር ያለው። አልተቆጣኝም፣ አልመታኝም፣ አልጠየቀኝም፤ ካርቶን ላይ ግን ዳግመኛ አላቆመኝም። ሸራው ለጥምቀት እንኳ አልደረሰ፤ ቀዳዳውን በፕላስተር እየለጠፍሁ እስከ ክረምት ገፋሁት፣ ሌላ ግዛልኝ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ። ከዚያ በኋላ ከአባቴ ጋር ብዙ ዓመት ኖርን፤ ዳረኝ፣ ልጄን አቀፈልኝ፣ ሲታመም አስታመምሁት፣ ቀበርሁት። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርሁት። ማወቁን ግን አውቅ ነበር፣ እሱም ማወቄን ያውቅ ነበር፤ ከእሱ ጋር ያወጋነው ጨዋታ ሁሉ ይህን ነገር ዞሮ ነበር የሚያልፈው።

ዓምና ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ጥሊሊ ሄጄ ሥራዬን ስጨርስ ድንች ልግዛ ብዬ ገበያ ገባሁ። የምትሰፍርልኝ ሴት ቀና ብላ አየችኝና እጇን አቆመች። «የኮርቻ ሰፊው ልጅ አይደለሽም?» አለች። ድምጿን አወቅሁት። አንጓች ነበረች። ተቃቅፈን ተሳሳምን፣ ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ ተጠያየቅን፣ እሷ ስታወራ እኔ ግን አንዱም ቃል አይሰማኝም ነበር። በመጨረሻ «አንጓች፣ ያ ጫማ...» ብዬ ጀመርሁ።

«ስትጥይው አይቼሽ ነበር እኮ» አለች፣ የትናንቱን ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ። «እኔ ያን ቀን ቤት መድረስ ነበረብኝ። ነገ አባትሽ ሲመጣ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው።»

ይቅር በይኝ አልኋት፣ ገበያተኛው እያየኝ እያለቀስሁ። «ኧረ ተይ፣ የልጅነት ነገር» ብላ ድንቹን ፌስታሌ ውስጥ ገለበጠችልኝ፣ ከላይም ምርቃት ጨመረችበት። ከዚያ እንደ ዘበት ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ እስከ ስንት ተማርሽ?»

ዲግሪ አለኝ። ለሰው ስናገረው የምኮራበት ነገር ነው፤ ለእሷ ግን መሬት መሬት እያየሁ ነገርኋት።

«እሰይ፣ ጎበዝ!» አለችና ከልቧ ሳቀች። «እኔ እንኳ አሁንም አምስተኛ ክፍል ነኝ።»