ተዘቅዝቆ የተሰቀለው በረዶ

ያ በረዶ በጠቅላላው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ዶላር አስወጥቶኛል። የሸማኔው፣ የጭነቱ፣ የመኪና ጎታቹም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ያየሁትን አልጨመርኩም፤ ለእሱ ዋጋ የሚተምንልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ። ሰው ሲድርም ሲቀብርም ወደ እኔ ይመጣል። ታኅሣሥ ላይ አንዲት ነርስ መጣች። አሌክሳንድሪያ ቤት ገዝታለች፤ እናቷን ከጎጃም ልታመጣ ነው።

«ጋሼ፣ ለሳሎኑ መጋረጃ ፈልጌ ነበር። የእጅ ሽመና ይሁንልኝ፤ ግን ሬስቶራንት እንዳይመስል።»

«ባለ ወርቅ ጥለት አለኝ።»

«ሬስቶራንት እንዳይመስል አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ምን ይምሰል?»

«እኔ ምን አውቄ? ነጋዴው አንተ ነህ። ብቻ ቤቱ የእማዬ ነው። እሷ ከወደደችው እከፍላለሁ፤ ካልወደደችው ትወስደዋለህ።»

በእንዲህ ያለ ውል የሚስማማ ነጋዴ ሞኝ ነው። ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር ሞኝ ሆንኩ። መስኮቶቿን ለካሁ፤ የቤተ ክርስቲያን በር ያካክላሉ። ለእነሱ የተሸመነ ጨርቅ ሌላ ቤት አይገባም። እናትየው እምቢ ካሉ የሱቄ ኪራይ አብሮት ይሄዳል።

ምን እንደማሸምን ሳላውቅ ጥር ላይ በረዶ ጣለ።

ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስወጣ የሱቄ መንገድ ጆርጂያ አቬኑ የለም። አስፋልቱ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ የቆሙት መኪኖች፣ ሁሉም አንድ ላይ ተሸምነዋል። አውቶቡስ የለ፣ አምቡላንስ የለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በዚህ ከተማ ሰምቼ አላውቅም፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ የአንዱ ስልክ ይጮኻል።

ደንበኛ እንደማይመጣ ሲገባኝ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ፓርክ ወረድኩና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እኔ ነጭ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእጅ ፈትል ነጭ አለ፣ ወተት ይመስላል። የፋብሪካ ነጭ አለ፣ ዓይን ይወጋል። ታጥቦ የከረመ ነጭ አለ፣ እሱን አዲስ ነው ብዬ አልሸጥም፤ ሰው ካልጠየቀኝ በቀር አሮጌ ነውም አልል። የሁሉንም ዋጋ አውቃለሁ። ሜዳው ላይ የተነጠፈው ግን ከየትኛውም አይደለም። ከዛፍ ጥላ ሥር ሰማያዊ ነው። ጉብታው ላይ ፀሐይ ስትነካው የለጋ ቅቤ መልክ ያወጣል። ነፋስ የገፋው ቦታ ላይ ደግሞ ድርና ማጉ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል፤ ክሩ የትም አልተቋጠረ፣ የትም አልተቀጠለ። ከሜዳው ማዶ፣ ከበላዩ፣ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች ግራጫና ጥቁር ሆነው ተደርድረዋል። ጥለት ናቸው! ሳላስበው ኮፍያዬን አውልቄ ነበር፤ ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ሲወቅሰኝ ዋለ።

ፎቶ አንስቼ ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔዬ ላክሁ። ወዲያው ደወለ።

«ይሄን ሁሉ ጥጥ ማን ደፋው?»

«ልክ እንዳየኸው ሽመንልኝ። ታቹ ነጭ በነጭ፣ ላዩ ላይ ግራጫና ጥቁር ጥለት።»

«ላዩ ላይ?»

«ላዩ ላይ። ያየሁት እንደዚያ ነው።»

«እንግዲህ ከፋዩ አንተ ነህ» አለና ዘጋው።

መጋረጃው የካቲት መጨረሻ ላይ በመንገደኛ ሻንጣ ደረሰ። አሌክሳንድሪያ ወስጄ ወንበር ላይ ቆሜ ሰቀልኩት። ከወንበሩ ወርጄ ሳየው ያ ጠዋት እንዳለ ሳሎን ገብቷል። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ!» እኔም በልቤ ገንዘቡን መቁጠር ጀመርኩ።

እናትየው ከመኝታ ቤት ወጡ። ከሀገር ቤት ከገቡ ሳምንት አልሞላቸውም። መጋረጃውን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወንበር ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እማዬ!»

«አትደብቁኝ። ጥለቱ የተዘቀዘቀው ለማን ነው? ወንድሜ ነው?»

ሐዘን የገባው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ አንገቱ እንደሚያደርግ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እዚህ ተወልደው ላደጉት ልጆች ሱቄ ውስጥ አዘቃዘቁን የማሳየው እኔው ነኝ። ዛፎቹን ሳይ ግን ረሳሁት። ያውም በጥቁር ጥለት!

ልጅቷ ጎጃም ደውላ አጎቷን በቪዲዮ አቀረበችላቸው። ሰውዬው እራቱን እየበላ ነው። እናትየው ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ በደህና ቤት ለቅሶ ትሰቅላለህ?»

«እማማ፣ በረዶ እኮ ነው። በረዶ ጥሎ ሲያዩት እንደዚህ ነው።»

«አይቼው አላውቅም። አውርደው!»

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። የሱቅ ኪራዬን በገዛ እጄ እያወረድኩ ነው። የመጀመሪያውን አውርጄ ቀና ስል መስኮቱ ተራቁቶ ቀረ። ውጭው ግራጫ ነበር። መጀመሪያ አንድ የበረዶ ብናኝ፣ ከዚያ ጥቂት፣ ከዚያ ሰማዩ ሙሉ መውረድ ጀመረ። መጋቢት ሊገባ ሲል ማን ይጠብቀዋል?

እማማ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ሲነድፉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ማነው የሚነድፈው?» አሉ በለሆሳስ።

የጎረቤቱ ጣሪያ ጠፋ። ዛፉ ጠፋ። ከላይ ያለው ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ከታች ብቻ የረጠበው አስፋልትና የአጥሩ ቁጥቋጦ ጠቁረው ቀሩ። በረዶ ካረፈ በኋላ ነጩ ከታች ነው፤ ሲወርድ ግን ነጩ ከላይ ነው። ስንት ክረምት እዚህ ስኖር ይሄን ልብ ብዬ አላውቅም።

«ይኸው» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፤ «ጥለቱ ከታች ነው። እግዜር አላዘቀዘቀም። አንተ ነህ ያዘቀዘቅከው።»

መርፌ አመጡ። እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን የመስቀያውን ስፌት ፈታነው፤ ገልብጠን ሰፋነው። ስሰቅለው የውጭው በረዶና የቤቱ በረዶ ገጠሙ፤ አንዱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ለመለየት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«እማዬ፣ ወደድሽው?» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ፣ ልይበት።»

ሦስታችንም በረዶው እስኪያባራ አየን። ልሄድ ስነሳ መኪናዬ እስከ ጎማዋ ተቀብራ ነበር፤ ጎታች ተጠራ።

ልጅቷ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ከፈለች። ስልሳ ዶላር ከስሬያለሁ።